ቀንዷን የተነጠቀችው ቮልቮ

ለአበሻ ቮልቮ ሲባል ትዝ የሚለው የጭነት መኪና ነው። እኔም የቮልቮ አገር ስዊድን፣ ጎተንበርግ ከተማ መጥቼ እስክኖር ድረስ ቮልቮ ቀጠን ያለች ስፖርት መኪና ሠርቶ እንደነበር አላውቅም ነበር። አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ጋራዡን ሲያጸዳ አየኋት፤ ፒ 1800። ቀለሟ ያብረቀርቃል። ሳላመነታ ገዛኋት። በማግስቱ የወንበር ቆዳና ጌጣጌጥ አዘዝኩ። ትልቁ ስህተቴ ያ ነው።

ደስታዬን ላካፍላቸው አዲስ አበባ አጎቴ ጋ ደወልኩ። ዕድሜያቸውን ጋራዥ ውስጥ የጨረሱ ሰው ናቸው።

"ከስር ገብተህ አይተሃታል?"

"ጋሼ፣ ቀለሟ እኮ አዲስ ነው።"

"ታዲያ ቀለም ነው እንዴ የምትነዳው? ማግኔት ይዘህ ዙራት!"

ዞርኳት። በሩ ስር ማግኔቱ አልያዘም። ፓራፋንጎው ጫፍ ላይም አልያዘም። ስቱኮ በስቱኮ! ስፍቀው ከስሩ ላሜራ የለም፤ ዝገት ነው።

ኮፈኑን ከፍቼ የሻንሲ ቁጥሯን ሳነብ ደግሞ ከ6,000 በታች ሆነ። ጉድ ነው። የመጀመሪያዎቹ 6,000 መኪኖች የተገጣጠሙት ስዊድን አይደለም። ቮልቮ በራሱ ፋብሪካ ቦታ ስላልነበረው ጀርመናዊውን መኪና ገጣጣሚ ካርማንን ጠይቆ ነበር። የካርማን ትልቁ ደንበኛ ፎልክስዋገን ግን ሥራውን እንዳይቀበል ከለከለው። ስለዚህ አካሏ ስኮትላንድ ተሠራ፣ ሞተሯ ከስዊድን ሄደ፣ ጄንሰን የተባለ ድርጅት እንግሊዝ ውስጥ ገጣጠማት። ውሉ ለ10,000 ነበር። ጥራቱ ቮልቮን ስላላረካው እንደ ፈረንጆቹ በ1963 ሥራውን ወደ አገሩ አመጣው።

ንድፏም ጉደኛ ነው። የቮልቮው አለቃ የጣሊያን እጅ ያለበት መኪና ፈለጉ፤ ከቱሪን ከመጡት ንድፎች መርጠው ወደዱ። በኋላ ሲጣራ ንድፉን የሣለው እዚያ ይሠራ የነበረ ወጣት ስዊድናዊ፣ ፔሌ ፔተርሶን ሆኖ ተገኘ። አለቃው ተናደዱ፤ ለብዙ ዓመትም ምስጋናው ለጣሊያኖቹ ሄደ። (እኔ ደግሞ ጎተንበርግ ተቀምጬ ፓራፋንጎ፣ ካምቢዮ እያልኩ እጠግናታለሁ። የጣሊያን ነገር አይለቀንም።)

ቀደምቶቹ የፊት ፓራውልታቸው (ግጭት የሚከላከለው ብረት) መሃል ላይ እንደ ላም ቀንድ ሽቅብ ይታጠፋል። የእኔዋን አንዱ ባለቤት አውልቆ የኋለኞቹን ቀጥ ያለ ገጥሞባታል። ያዘዝኳቸው ጌጦችም የኋለኞቹ ስለነበሩ ግማሾቹ አልገጠሙም። ቁጥሯን አስቀድሜ ባነብ ኖሮ ገንዘቤ ኪሴ ነበር።

ላሜራው ሦስት ክረምት በላ። የፊት ፓራፋንጎዋ በቡሎን አይፈታም፤ የተበየደ ነው። ተቆርጦ ይወጣል፣ ተለክቶ ይበየዳል። እኔ ቸኩዬ በሩን ሳልገጥም አስበየድኩት። በሩ አልዘጋ አለ። እንደገና ተቆረጠ። ሁለተኛ ጊዜ በሩንም ኮፈኑንም ገጥሜ፣ ክፍተቱን በጣቴ እየለካሁ ቆምኩ።

ሞተሩን ግን ብዙም አልነካሁት። አሜሪካዊው ኧርቭ ጎርደን በ1966ቷ 1800 ከ5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ነድቷል። ያስቸገሩኝ ሁለቱ ካርቡራተሮች ናቸው። አንደኛው ከሌላው የበለጠ አየር ሲስብ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። መላው ቀላል ነው፦ ቀጭን የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮ ላይ፣ ሌላውን አየር መሳቢያው አፍ ላይ። ፉጨታቸው እኩል እስኪሆን ብሎኑን በትንሽ በትንሹ ማዞር።

ባለፈው ኅዳር ያገለገለ የቀንድ ፓራውልት አግኝቼ ገጠምኩላት። ወዲያው ፎቶ አንስቼ ለጋሼ ላክሁ።

"ታምራለች። የስሯስ ፎቶ?" አሉኝ።

በረዶው ላይ በጀርባዬ ተኝቼ አነሳሁላቸው።