የማታመኝ ቦታ

ኢንሱሊን ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ። ቤቴ ደሴ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ።

መውጋቱ ራሱ ከባድ አይደለም። እጅ መታጠብ፣ ደፍራሹን ብልቃጥ በመዳፍ ማንከባለል (መናጥ የለም)፣ መሳብ፣ ቆዳን ቆንጠጥ አድርጎ መውጋት፣ እስከ 10 ቆጥሮ መንቀል። በሳምንት ይለመዳል።

ጉድ የሠራኝ ቦታው ነው። ከእምብርቴ በስተቀኝ ስወጋት የማታመኝ ቦታ አለች፣ ጠዋትም ማታም እሷኑ። ሁለት ዓመት ሙሉ! የማታመኝ ስለተበላሸች መሆኑን ማን ይንገረኝ። ከቆዳው ሥር ስብ ተቋጥሮ አበጠ፤ ኢንሱሊን እዚያ ሲገባ አንዴ ይዘገያል፣ አንዴ በቅጡ አይሠራም። ስኳሬ 300 ባለ ቁጥር በቀጠሮዬ «እንጀራ አብዝተሃል» እየተባልኩ የጠዋቱ 20 ዩኒት 34 ገባ። ሸሚዝህን ግለጥ ያለኝ አንድ ሰው የለም። እኔም ቦርጭ መስሎኝ ዝም።

በኋላ ጡረታ የወጡ ነርስ ጎረቤቴ አዩትና «በል ጭንህን ውጋ፣ እዚህ ደግመህ እንዳትነካ» አሉኝ። ልክ ናቸው። ጤነኛ ሥጋ ግን ኢንሱሊኑን በደንብ ስለሚቀበል መጠኑ መቀነስ ነበረበት፤ ይህን እሳቸውም አላነሱ፣ እኔም አልጠየቅኩ። በማግስቱ 34ቷን ጭኔ ላይ ለቀቅኳት፣ ቁርስ ነካ አድርጌ ሚኒባስ ገባሁ። ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ላብ አጠመቀኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ምላሴ ተሳሰረ። ረዳቱ ሊያስመልሰኝ መስሎት «ፌስታል አቀብሉት» ይላል። አጠገቤ የነበሩ እናት ናቸው ለለቅሶ ቤት ከያዙት ስኳር «አብሽር ልጄ» እያሉ ያቃሙኝ። ኮምቦልቻ ስለካ ስኳሬ ገና 58፣ ከልክ በታች።

እና ያበጠ ቦታ ያለህ ሰው፣ ወደ ጤነኛ ሥጋ ከመዞርህ በፊት «ስንት ልቀንስ?» ብለህ ሐኪምህን ያዘው፣ በነዚያ ቀናትም ቶሎ ቶሎ ለካ። እኔ 24 ላይ ነው የረጋሁት። ሆድህን ራስህ ዳብስ፣ ማንም አይዳብስልህም። የዛሬው መውጊያ ቦታ ከትናንቱ አንድ ጣት ይራቅ።

ሌላው ቀላል ነው። አልኮል ካጣህ በሳሙና የታጠበ ቆዳ ይበቃል። «ፍሪጅ ከሌለህ አይሆንም» ሲሉህም አትደንግጥ፤ የተከፈተው ብልቃጥ በደሴ ብርድ 28 ቀን ውጭ ይቆያል፣ ለኮምቦልቻ ሙቀት ግን እርጥብ ሸክላ ፈልግለት። ያገለገለውን መርፌ ባዶ የበረኪና ዕቃ ውስጥ ጣል፣ ክዳኑን ጠበቅ። የቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ እጅም እጅ ነው።

እብጠቱ እየሟሸሸ ነው። ግን ጠዋት እንቅልፍ ሳይለቀኝ ስነሳ፣ እጄ አሁንም ወደዚያች ቦታ ይሄዳል።