ሦስት ቀዳዳ ያላት ነሐስ

ዛሬ ደሴ ላይ ቀኑን ሙሉ አንድ አሮጌ ፒያኖ ላይ አጎንብሼ ዋልኩ። ወገቤ የእኔ አይደለም።

ጣጣው ሁሉ የጣት ጫፍ በምታክል የነሐስ ብሎን ነው። አግራፍ ትባላለች። ክሮቹ በቀዳዳዎቿ ያልፋሉ፤ ድምፅ የሚሰጠው የክሩ ክፍልም ከእሷ ይጀምራል። አንገቷ ተቀንጥሶ እግሯ ክሮቹን በተሸከመው የፒያኖው ብረት ውስጥ ቀርቷል።

መጀመሪያ ክሮቹን ማላላት ነው። እዚህ ላይ መቸኮል የለም። ፒያኖ 230 ገደማ ክሮች አሉት፤ ውጥረታቸው ሲደመር ከ15 ቶን በላይ ይሄዳል። ቀስ ብዬ አላልቼ ከቀዳዳው አወጣኋቸው።

ከዚያ የተሰበረውን እግር መሃሉን በቀጭን ፑንታ በሳሁት። ነሐስ ለስላሳ ነው። ፑንታው ከመሃል ከሸሸ ግን የብረቱን ጥርስ ይበላል፤ ያኔ አለቀልህ! በዚህ በደሴ ብርድ ላቤ ጠብ አለ። ወደ ግራ ሲዞር የሚነክሰውን ማውጫ ከትቼ ሞከርኩ። እምቢ። ደገምኩ። ጭጭ። በሦስተኛው ቀጭ አለና ተከተለኝ።

አዲሷን ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት ነው ያሠራኋት። ባለሙያው ጋሼ "ልጄ፣ ይቺ የጆሮ ጌጥ ናት?" ብለው ስቀውብኛል። ስትጠብቅ ቀዳዳዎቿ ወደ ጎን ዞሩብኝ። ስስ ዋሸር ከሥሯ አድርጌ አስተካከልኳት።

ማታ ክሮቹን ወጥሬ ትዝታን ነካካሁ። ወሎ ተቀምጦ ሌላ ምን ይሞከራል? ላልቶ የተወጠረ ክር ድምፁ መውረዱ አይቀርም፤ ሳምንት ተመልሼ እቃኘዋለሁ። የቤቱ እናት ግን ቡናውን እየቀዱ "በል አንቺሆዬንም አሰማን" አሉኝ።