ለፍሬትወርክ ገበር ሲመረጥ

በስክሮል ሶው (ቀጭን ምላጭ ባለው መጋዝ) የተቆረጠ ፍሬትወርክ፣ ማለትም ንድፍ ተቆርጦ የወጣለት የእንጨት ሰሌዳ፣ ግማሹ እንጨት ግማሹ ባዶ ነው። ባዶው ላይ ዓይን የሚያርፈው ከሰሌዳው ኋላ በሚደረገው ገበር ላይ ስለሆነ ገበር የሥዕሉ ሁለተኛ ቀለም ነው። እንጨቱ ከመመረጡ በፊት ቢታሰብበት ብዙ ድካም ይቀንሳል።

ጉዳዩ ከሁሉ በላይ የሚጠነክረው በሰው ፊት ላይ ነው። በአብዛኛው የፊት ንድፍ ተቆርጦ የሚወጣው ጥላው ነው፦ ቅንድቡ፣ የዓይን ብሌኑ፣ ከአፍንጫና ከከንፈር ሥር ያለው ጥቁረት። የሚቀረው እንጨት ብርሃን ያረፈበትን ቆዳ ይወክላል። ስለዚህ ገበሩ ከእንጨቱ መጥቆር አለበት። ይህንኑ ንድፍ ዋልነት (ጠቆር ያለ ቡናማ እንጨት) ላይ ቆርጣችሁ ከኋላው ነጭ ካርቶን ብታደርጉ ፊቱ የፎቶ ኔጌቲቭ ይመስላል፤ ጉንጩ ይጠቁራል፣ ብሌኑ ያበራል። የዛፍ፣ የእንስሳ ወይም የሕንፃ ጥላ የሚያሳዩ ንድፎች ግን ብዙውን ጊዜ ተቃራኒ ናቸው፤ የሚቀረው እንጨት ራሱ ጥላው ስለሆነ ጠቆር ያለ እንጨትና ፈካ ያለ ገበር ይፈልጋሉ። ንድፉ ላይ ቀለም የተቀባው ክፍል የሚወጣው ነው ወይስ የሚቀረው? መጋዙ ሳይነሳ ይህን ለዩ።

ቀለም ሲመረጥ የሚያሳስተው የቀለሙ ዓይነት ሳይሆን የጥቁረቱ መጠን ነው። ጥቁር ቀይ ፌልት (ተጠቅጥቆ የተሠራ ወፍራም ጨርቅ) ከዋልነት ጋር እጅ ላይ ሲታይ ያምራል፤ ግድግዳ ላይ ሲሰቀልና ከ3 ሜትር ሲታይ ግን ሁለቱ ይዋሃዳሉ። መፈተኛው ቀላል ነው። ከዚያው እንጨት ቁራጭ ላይ ጥቂት ቀዳዳዎች ቆርጡ፣ የመጨረሻውን ዘይት ወይም ቫርኒሽ ቀቡት፣ ገበሩ ላይ አስቀምጡና በስልክ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሱት። ሁለቱ ተቀራራቢ ግራጫ ሆነው ከወጡ ያ ገበር አይሆንም። ዘይቱን አትዝለሉት፤ እንጨቱን በግልጽ ያጠቁረዋል። የቼሪ እንጨት ደግሞ ብርሃን ሲያገኝ ይበልጥ እየጠቆረ ስለሚሄድ ጥቁር ገበር ላይ ለማዋል ካሰባችሁ ልዩነቱን ከመጀመሪያው ሰፋ አድርጉት።

ከዕቃዎቹ ሁሉ ቅድሚያ የሚገባው በማያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም የተቀባ የ3 ሚሊሜትር ኮምፐርሳቶ ነው። የተቆረጠውን ሰሌዳ ይደግፋል፤ ቀጫጭን ማያያዣዎች እንዳይሰበሩም ይይዛል። የሚያብለጨልጭ ቀለም የመብራቱን ነጸብራቅ ስለሚመልስ ጥቁሩ ከጎን ሲታይ ነጣ ይላል። ሁለቱንም ፊት ቀቡ፤ አንድ ፊቱ ብቻ ከተቀባ እርጥበት በአንድ በኩል ስለሚገባና ስለሚወጣ ቀጭኑ ገበር ይጎብጣል። ከተጠቀጠቀ የእንጨት ቃጫ የሚሠሩት ሃርድቦርድና ኤምዲኤፍም ያገለግላሉ፤ የኤምዲኤፍ ጠርዝ ግን ቀለም ስለሚመጥ ሁለት ሦስት ጊዜ መደገም አለበት።

ፌልት የጀማሪዎች ምርጫ ነው። የተዛነፈ ቁርጥ ይሸፍናል፣ በመቀስ ይቆረጣል፣ በጀርባው የሚጣበቅ ዓይነትም አለ። ሆኖም አቧራ ይይዛል፤ በፀሐይ ብርሃንም ይደበዝዛል። ሰፊ ክፍተት ላይ ደግሞ ይረግባል። ይህን ለማስቀረት መጀመሪያ ካርቶን ላይ ለጥፉት፣ ከዚያ ካርቶኑን ከሰሌዳው ጋር አያይዙ። ጥቁር ከፋይ ብርሃንን ስለሚውጥ ከፌልት የበለጠ ጥልቅ ጥቁረት ይሰጣል፤ ለፊት ሥዕል ከጨርቆች ሁሉ እሱን እመርጣለሁ። ስስ ጥጥ ጨርቅ ኮላውን ወደ ፊት ስለሚያሳልፍ አስቀድሞ ካልጠነከረ ባይነካ ይሻላል። ለወረቀት በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 300 ግራም የሆነ አሲድ አልባ ካርቶን ይበቃል። ውሃ ያለበት ኮላ ግን ያጨማድደዋል።

መስታወት ሁሉም ይመኘዋል፣ ጥቂቶች ይሳካላቸዋል። የሰሌዳውን ጀርባ መልሶ ስለሚያሳይ፣ ያልተለሰለሰው ስንጣሪና የእርሳስ ምልክቱ ሁሉ ከፊት ለፊት ይታያል። ጀርባው እንደ ፊቱ ተለስልሶ መቀባት አለበት ማለት ነው። በተጨማሪም የብር ሽፋኑ ከብርጭቆው ኋላ ስለሆነ፣ 3 ሚሊሜትር መስታወት የቁርጡን ጠርዝና የጠርዙን ምስል በ4 ሚሊሜትር ያህል አራርቆ ያሳያል። ደቃቅ ጽሑፍ ለዚህ አይሆንም፤ ሰፋፊ ክፍተት ያለው ጌጥ ይሆናል። ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን የብር ሽፋኑን ስለሚበላ፣ ለመስታወት ተብሎ የተሠራውን ገለልተኛ ሲሊኮን ተጠቀሙ።

ከኋላ መብራት ከታሰበ ጥርት ያለ ሳይሆን ወተት መሰል አክሪሊክ ያስፈልጋል። ኤልኢዲው በጣም ከቀረበ እያንዳንዱ አምፖል እንደ ነጥብ ይለያል፤ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ብታርቁት ብርሃኑ ይበተናል። አክሪሊኩ ላይ ያለውን መከላከያ ፕላስቲክ ሥራው እስኪያልቅ አትላጡት። ሱፐር ግሉም አትጠቀሙ፤ ትነቱ አክሪሊኩ ላይ ነጭ ጉም ይተዋል።

ገበሩ ይጠጋ ወይስ ይራቅ? ለፊት ሥዕልና ለፊደል ይጠጋ። ክፍተት ካለ ከጎን ለሚያይ ሰው ቀጫጭን መስመሮች ከቦታቸው የሸሹ ይመስላሉ። ለመልክዓ ምድርና ለሰዓት ግን ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር ክፍተት እውነተኛ ጥላ ይፈጥራል። አራራቂዎቹን ሰፋ ካለው እንጨት ኋላ ደብቁ፣ ጠርዛቸውንም በገበሩ ቀለም ቀቡ።

ማጣበቅ የመጨረሻው ሥራ ነው። ስንጣሪውን በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አስወግዱ፣ ዘይት ወይም ቫርኒሽ ቀቡ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁ። ያልደረቀ ዘይት ወደ ፌልትና ወረቀት ዘልቆ እድፍ ይተዋል፣ ኮላውም አይዝም። የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨብጣችሁ አትጣሉ፤ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል ዘርግታችሁ አድርቁት። የሚረጨውን ኮላ የሰሌዳው ጀርባ ላይ እንጂ ገበሩ ላይ አትርጩ። ገበሩ ላይ ከተረጨ በየክፍተቱ የሚቀረው ኮላ የሚያጣብቅ ሆኖ ይቆያል፣ አቧራም ይሰበስባል። የእንጨት ኮላ ከሆነ በትንሽ ስፖንጅ ሮለር እጅግ ስስ አድርጋችሁ ዘርጉ፤ ተጨምቆ የወጣ ጠብታ ከጠባብ ክፍተት አይጠረግም፣ ጥቁር ገበር ላይም ሲደርቅ ያብለጨልጫል። ገበሩን ከዳር 3 ሚሊሜትር አሳንሱት፣ ከጎን አይታይም።

ሰሌዳው ኮምፐርሳቶ ከሆነ ሙሉ ገጹን ማጣበቅ ይቻላል። ከአንድ ወጥ እንጨት የተሠራ ከሆነ ግን እንደ አየሩ እርጥበት በስፋቱ በኩል ይሰፋል፣ ይጠባል፤ በ20 ሴንቲሜትር ስፋት ላይ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ሊደርስ ይችላል። ኮምፐርሳቶ ገበር አብሮት ስለማይንቀሳቀስ ወይ ሰሌዳው ይሰነጠቃል ወይ ሁለቱ አብረው ይጎብጣሉ። መሃሉን ብቻ አጣብቁ፣ ዳሩን ሞላላ ቀዳዳ በተበጀለት ገበር በኩል በብሎን ያዙ። ለ6 ሚሊሜትር ሰሌዳና ለ3 ሚሊሜትር ገበር የብሎኑ ርዝመት ከ7 ሚሊሜትር አይብለጥ። ሰሌዳው ራሱ 3 ሚሊሜትር ከሆነ ብሎን የሚነክስበት ስለሌለው ሁለቱን በፍሬም ጉድጓድ ውስጥ አብራችሁ መያዝ ይሻላል፤ ፌልቱ ሲደበዝዝም ያለ ችግር ይቀየራል።