የዱቄት ትል እርባታ፦ ከመድኃኒት ይልቅ እርጥበቱን መቆጣጠር

ለጓሮ ዶሮዎቼ መኖ ማገዣ እንዲሆነኝ አዲስ አበባ ቤቴ ውስጥ የዱቄት ትል የሚባለውን ጢንዚዛ አረባለሁ። ዶሮዎቹ የሚበሉት እጩን፣ ማለትም ጢንዚዛ ከመሆኑ በፊት ያለውን ትል ነው። መኝታውም ምግቡም የስንዴ ፉርሽካ ነው። ሳፋ ውስጥ አራት ጣት ያህል አፈስለታለሁ። አናቱን በትንኝ መረብ እሸፍናለሁ እንጂ ክዳን አልገጥምም፤ ከታፈነ ፉርሽካው ያልበዋል። ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀት ስለሚስማማው መደርደሪያውን ከፍሪጁ ጀርባ አቁሜዋለሁ።

ውሃ ራሱ አይሰጥም። ካሮት ወይም ድንች ይበቃል። ቆርጬ ፊቱ ጠፈፍ ሲል በካርቶን ቁራጭ ላይ አኖረዋለሁ፣ በማግስቱ የተረፈውን አነሳለሁ። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ እሰጣለሁ፤ ከተጠሙ ፑፓውን፣ ማለትም ከእጭ ወደ ጢንዚዛ በመለወጥ ላይ ያለውን፣ መብላት ይጀምራሉ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን እጄን እሰበስባለሁ። ፉርሽካውን ጨብጬ ስለቀው ፍስስ ማለት አለበት። እጄ ላይ ከተጣበቀ ካሮቱ ይቆይ።

የአየሩ እርጥበት ከ70 ፐርሰንት ሲያልፍ ማይት የሚባለው በጣም ደቃቅ ተባይ ይፈላል። የሳፋው ግድግዳ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ዱቄቱ ይንቀሳቀሳል። ብዙ ሰው ወዲያው ወደ መድኃኒት ይሮጣል። መድኃኒቱ ግን እጩንም ይፈጃል፤ ከሞት የተረፈውን እጭ ዶሮ ይበላዋል፣ እንቁላሉን ደግሞ እኛ። ማይት ድርቀት አይችልም፣ እጩ ይችላል። ስለዚህ አትክልቱን ለጥቂት ቀን አቆማለሁ። እጮቹን በወንፊት ነፍቼ ደረቅ ሳፋ ውስጥ አዲስ ፉርሽካ ላይ አዛውራቸዋለሁ። ማታ ለማይቱ ማጥመጃ ብቻ አንድ የድንች ቁራጭ ጣል አድርጌ፣ ጠዋት ከነተሰበሰበበት ማይት እጥለዋለሁ። አሮጌው ፉርሽካ የጢንዚዛ እንቁላል ስላለበት መድፋቱ ያሳሳል። እኔ ግን አልሳሳም፤ አንዲት ጢንዚዛ በመቶ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች።

ተባዩ ብዙ ጊዜ የሚገባው ከመኖ ቤት ከፉርሽካው ጋር ነው፤ ነቀዙም የእሳት እራቱም። ሻጩን የነቀዝ ክኒን ተደርጎበት እንደሆነ ሳትጠይቁ አትግዙ። እኔ አዲሱን በፌስታል ጥብቅ አድርጌ አስሬ ለጥቂት ቀናት ፍሪዘር ውስጥ አከርመዋለሁ። ሲወጣ ፌስታሉን ወዲያው አትፍቱት። ቀዝቃዛ ፉርሽካ ከአየሩ ላይ ጤዛ ስቦ ይረጥባል፣ የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ ይቆይ።

ለጉንዳን የመደርደሪያውን እግሮች የሳሙና ውሃ ባለባቸው ጣሳዎች ውስጥ አቁሙ። ውሃው ከደረቀ በዚያው ሌሊት ይመጣሉ። እንዴት እንደሚያውቁ እንጃ።