ጠያቂ የሌለውን በሽተኛ ለመጠየቅ

በዐቢይ ጾም ከጥሉላት ከመከልከል ባሻገር ልቤን የሚነካ ሥርዓት ስፈልግ፣ የሰማሁት ምክር ሁሉ «ዳዊቱን በየዕለቱ ጨርስ፣ ስግደቱን አብዛ» የሚል ነበር። እኔ ግን 150ውን መዝሙር በጥድፊያ ከማነብነብ የዕለቱን ክፍል፣ ሰኞ ቢሆን ከ1 እስከ 30 ያለውን፣ ረጋ ብሎ መድገም ይሻላል ባይ ነኝ፤ ሰባኪዎቻችን አይስማሙ ይሆናል። ሳምንታቱ ሁሉ ስም ስላላቸው ከየእሑዱ ወንጌል አንድ ተግባር ለመያዝ ወሰንሁ። በስውር ስለ መጾም የሚናገረው ወንጌል በሚነበብበት በቅድስት ጾሜን ለማንም ሳላወራ ዋልሁ፤ ጌታ ነጋዴዎችን ከቤተ መቅደስ ማስወጣቱ በሚነበብበት በምኩራብ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የገበያ ወሬ ተውሁ።

ያስመረረኝ መጻጉዕ፣ የበሽተኛው እሑድ፣ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5፣ 38 ዓመት የታመመው ሰው «ሰው የለኝም» ይላልና፣ ጠያቂ የሌለውን በሽተኛ ልጠይቅ ከቅዳሴ በኋላ ወደ አንድ ሆስፒታል ሄድሁ። ጥበቃው «የማን ጠያቂ ነዎት?» አለኝ። ሰው የሌለውን እንደምፈልግ ብነግረው «የታማሚ ስም ካልነገሩን አናስገባም» ብሎ ምሳ ዕቃ ወደያዙት ቤተሰቦች ዞረ። ስሙን የሚያውቅለት ቢኖር ኖሮ እኔ ምን ላደርግ እሄዳለሁ? የሆስፒታሉ አስተዳደር ደብዳቤ አምጣ አለኝ፤ የሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ደግሞ ደብዳቤ የሚጻፈው ለማኅበር እንጂ ለግለሰብ አይደለም ብሎ፣ ያንኑ እሑድ ስለ መጻጉዕ በሰበከበት አንደበት መለሰኝ።

መፍትሔው የተገኘው ከሥራ የምትወጣ አንዲት ሲስተር ቆማ ስላዳመጠችኝና የአንድ አረጋዊ የአልጋ ቍጥር ስለሰጠችኝ ነው። በማግስቱ ቍጥሩን ስናገር ጥበቃው ያለ ጥያቄ አሳለፈኝ። እግራቸው በጄሶ የታሰረው አባት ጸሎት ላድርስልዎት ብላቸው «እሱንስ እኔም እደግማለሁ፤ ይልቅ ጥፍሬን ቍረጥልኝ» አሉኝ፤ እውነትም ጥፍራቸው አድጎ ብርድ ልብሱን ይቧጥጥ ነበር። ቀጥሎም ከብቶቻቸውን ማን እንደሚጠብቅ ለማወቅ አገር ቤት እንድደውልላቸው ጠየቁኝ።

ስለዚህ ይህን የሚያስብ ሰው፣ እሑድ ሂዱ የሚባለውን ትቶ በሥራ ቀን ይሂድ፤ እሑድ ክፍሉ በሌሎች ቤተሰብ ይሞላል፣ ሲስተሮቹም ፋታ የላቸውም። በቡድን ሆኖ መዝሙር እያሰሙ መግባትንም አልወደውም፤ የሚያቃስት ሰው አጠገብ ይዘመራል እንዴ? ጥፍር መቍረጫና የስልክ ካርድ ይያዝ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ግን የአልጋ ቍጥር ይጠይቅ። ከሰበካው ደብዳቤ የሚጠብቅ ካለ፣ እርሱ እየጠበቀ ትንሣኤ ይደርስበታል።