ከጅቡቲ ጅዳ፦ በጉን የሚገድለው ምኑ ነው?

ለገሃር ዙሪያ ባሉ የላኪና የትራንዚተር ቢሮዎች የቁም እንስሳት ጭነት ሲነሳ ወሬው ኤል ሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና)፣ የጤና ሰርተፍኬትና የመርከብ ኪራይ ነው። ስለ እንስሳቱ ከተጠየቀ "ሁለት ሦስት ቀን ምን ይሆናሉ?" ይባላል። መንገዱ አጭር መሆኑ እውነት ነው። በግን በሙቀት ለመጨረስ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

በግ ሙቀቱን የሚያስወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ ማለክለኩ አይረዳውም። ስለዚህ ተራው ቴርሞሜትር ብቻውን ያታልላል፤ ጫፉ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለም መኖር አለበት። ባለ እርጥብ ጨርቁ 30 ዲግሪ ከተጠጋ ነገር ተበላሽቷል። አፉን ዘግቶ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍሰው ገና እየታገለ ነው። አፉን ከፍቶ፣ አንገቱን ዘርግቶ ምላሱን ያወጣውን ማትረፍ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 "አዋሲ ኤክስፕረስ" በተባለው መርከብ ላይ 2,400 ገደማ የአውስትራሊያ በጎች ያለቁት በሙቀት ነው። ከሶማሌ ክልል የሚመጣው ጥቁር ራስ በግ ሱፍ ስለሌለው ይሻላል፤ ይሻላል እንጂ አይድንም።

ነፋሱ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው ጉድ ነው። በቀዝቃዛዎቹ ወራት በደቡብ ቀይ ባሕር ነፋሱ ከደቡብ ይነሳል፤ ወደ ጅዳ ለሚያቀና መርከብ ከኋላው ማለት ነው። ጎኑ ክፍት የሆነ መርከብ ከነፋሱ እኩል ከሄደ ውስጡ አየር ቀጥ ይላል። ልምድ ያለው ካፒቴን ነዳጅና ሰዓት ቢያስወጣውም ግራ ቀኝ እየጠመዘዘ ነፋሱን በጎን ያስገባል።

በጠጥና ሽንት ሲብላላ የሚወጣው አሞኒያ ቆሞ ለሚያልፍ ሰው ላይሰማው ይችላል። ጎንበስ ብለው በበጉ አፍንጫ ልክ ይተንፍሱ፤ ዓይን ካቃጠለ አየሩ አልተቀየረም።

ግጦሽ ብቻ የሚያውቅ በግ የፋብሪካ መኖ ገንዳ ላይ ቢቀርብለት አይነካም። መልመድ ያለበት ጅቡቲ ማቆያው ውስጥ ነው፤ ገንዳው ጋ የማይጠጋውን እዚያው ለይቶ ማስቀረት። መርከብ ላይ ይለምዳል የሚሉት ቀልድ ነው።

ቦታውን በተመለከተ የአውስትራሊያ መመዘኛ ለ30 ኪሎ በግ ከሩብ ካሬ ሜትር በላይ ይሰጣል። ሲጠጋጋ ደካማው ውኃው ጋ አይደርስም፤ የተኛውም ይረገጣል። ከልክ በላይ መጫን መርከቡንም ይገለብጣል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2022 ሱዳን፣ ሱዋኪን ወደብ ላይ "ባድር 1" ከ15 ሺህ በላይ በጎች ጭኖ ሰጠመ፤ የሚችለው 9 ሺህ ገደማ እንደነበር ተነግሯል። የኪራይ ውል ከመፈረሙ በፊት የየወለሉን ስፋት በካሬ ሜትር በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ስፋቱን ለበጎቹ ቁጥር ራስዎ ያካፍሉ።