ከኤችዲ ጋር የጀመርኩበት ቀን

ለዓመታት ቪዲዮ የቀረጽኩት በዲቪካም፣ ካሴት በሚበላው የድሮ ካሜራ፣ ነው። ካሴት አስገባለሁ፣ ዋይት ባላንስ (ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚደረግ የቀለም ማስተካከያ) እይዛለሁ፣ ዙም ገብቼ ዓይን ላይ ፎከስ አደርጋለሁ፤ ከዚያ ወጥቼ ፍሬሜን እሠራለሁ። እጄ ለምዶታል። ኤችዲ፣ ማለትም ከፍተኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ፣ ሲመጣ የሚቀየረው ካሜራው ብቻ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያ ሥራዬ ቤታቸውን ጎርፍ የወሰደባቸውን እናት መቅረጽ ነበር። ፊታቸው ላይ ገባሁ፤ ሽፋሽፍታቸው ሳይቀር ቁልጭ አለ። ፍሬሙ ሰፊው 16 በ9 ስለሆነ ፍርስራሹም እንዲታይ ሰፋ አደረግኩት። ያኔ ብዙ ተመልካች ገና በድሮው ጠባብ 4 በ3 ቴሌቪዥን ያይ ስለነበር፣ ጎንና ጎኑ ቢቆረጥም እንዳይጠፉ እሳቸውን መሃል አስቀመጥኳቸው። ሃያ ደቂቃ ያህል አወሩ። አንድ ቦታ ላይ ቃል አጥሯቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ያንን ዝምታ በትንሿ ቪውፋይንደር፣ በካሜራው ማያ፣ እያየሁ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ነበር።

ቢሮ ገብተን በትልቁ ሞኒተር ስናየው ፊታቸው ፈዟል። የጠራው ከኋላ ያለው ፍርስራሽ ነው።

«ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ሶፍት ነው» አለኝ ኤዲተሩ።

ሆዴ ባር ባር አለ። እንዲህ ያለ ነገር «እንደገና ይንገሩኝ» ተብሎ አይጠየቅም።

ጥፋቱ የባክ ፎከስ ነበር። ሌንሱ ከሴንሰሩ ጋር በልኩ ካልተስተካከለ፣ ዙም ገብተህ ያጠራኸው ስትወጣ ይፈዛል። ድሮም ይኖራል፤ ግን ኤስዲ፣ የድሮው ዝቅተኛ ጥራት፣ ይሸፍንልን ነበር። በፓል፣ በድሮው የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ ምስሉ 720 በ576 ነጥብ ነው። ሙሉ ኤችዲ 1920 በ1080፣ አምስት እጥፍ። ቪውፋይንደሩ ደግሞ ያን ሁሉ ዝርዝር አያወጣም።

አሁን ጠዋት ሳላስተካክል አልወጣም። ኮከብ ያለበትን ቻርት ሦስት ሜትር ያህል ርቀት ላይ እለጥፋለሁ። አይሪሱን፣ የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ፣ ሙሉ እከፍታለሁ። ዙም ገብቼ በፎከሱ አጠራለሁ፤ ወጥቼ የባክ ፎከሱን ቀለበት እነካለሁ። ደግሞ እገባለሁ፣ ደግሞ እወጣለሁ፣ ልዩነቱ እስኪጠፋ። አምስት ደቂቃ ቢወስድ ነው። ሹፌሩ ክላክስ ቢያደርግም አልነቃነቅም።

የዚያን ቀን ያተረፈን አንድ ሾት ነው። እናትየው ሲያወሩ ጣቶቻቸውን ያፍተለትሉ ስለነበር፣ ዙም ገብቼ እጃቸውን ለብቻው ይዤው ነበር። እሱ ጠርቷል፤ ጥፍራቸው ውስጥ የገባው ጭቃ ሳይቀር ይታያል። ድምፃቸውን በእጃቸው ላይ አስኬድነው። ዝምታውንም አልቆረጥነውም።